ስለ ወይዘሮ ሰልቪ ልጅ ፎቶግራፍና ስለ ተዘጋው አዳራሻችን

ለተከበሩ ለጋሽ ኃይሉ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ቦርድ ሰብሳቢ፤
ለተከበራችሁ የቦርዱ አባላት በሙሉ፤
ዩለስ፣ ቴክሳስ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ጋሽ ኃይሉ፣ ጉልበትዎን ተሽሎዎት፣ የደም ግፊትዎም ረግቶልዎት፣ ዛሬ ጠዋት በሰላም እንደ ተነሡ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የወይዘሮ ምሥራቅ ልጅ ሐሴት ነኝ፤ ከመዘምራን መካከል በኋላው መስመር የምቆመው። ድምፄን ሰምተውት ስለማያውቁ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ባለፈው ሐሙስ በስብሰባችሁ ፊት ቆሜ ስትጠይቁኝ አንድም ቃል ስላልወጣኝ፣ ያን ቀን መመለስ የነበረብኝን አሁን በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በትሕትና እጽፋለሁ። አማርኛዬ እዚሁ በቅዳሜ ትምህርት ያስተማራችሁኝ ስለሆነ፣ ስሕተት ቢገኝበት ምስጋናውን ለእናንተው እመልሳለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ ምእመናን በአጭሩ ላስረዳ። ወይዘሮ ሰልቪ ከእናቴ ጋር በኤርፖርቱ የአውሮፕላን ውስጥ ጽዳት የሚሠሩ፣ በአፓርታማችን ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ታሚል ናቸው። ታሚሎች በስሪላንካ፣ ይልቁንም በሰሜኑና በምሥራቁ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ቋንቋቸውና መሬታቸው እንዲከበር፣ የራሳቸውንም ጉዳይ ራሳቸው እንዲወስኑ ለብዙ ዘመን ጠይቀዋል። ጥያቄው ወደ ረጅም ጦርነት ተለውጦ፣ ጦርነቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ሙሊቫይካል በሚባል የባሕር ዳር ጠባብ መሬት ላይ ሲያበቃ፣ እዚያ ተጨናንቆ የነበረ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል። ወይዘሮ ሰልቪ በእነዚያ የመጨረሻ ቀናት ልጃቸውን ካጃንን እጁን ይዘው ለወታደሮች አስረከቡ። ተመዝግቦ ይመለሳል ተብለው ነበር። ካጃን ያን ጊዜ እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ ላይ ነበረ። እስከ ዛሬ የት እንዳለ የነገራቸው የለም።

በየዓመቱ ሜይ 18 በየአገሩ ያሉ ታሚሎች ተሰብስበው የሞቱትንና የጠፉትን ያስባሉ። እዚህ በአካባቢያችን ያሉት ጥቂት ቤተሰቦች የሚሰበሰቡበት ስላጡ አዳራሻችንን ለአንድ እሑድ ከሰዓት ለመኑ፤ እናንተም በደስታ ፈቀዳችሁ። ከዚያ ስለ ምን እንደሚሰበሰቡ የሚገልጸውን ወረቀት ወደ አማርኛ ተርጉሜ አመጣሁላችሁ፤ ካነበባችሁት በኋላ ከለከላችሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ንቃታችሁ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ላይ ታሚሎች የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው የመወሰን መብት እንዳላቸው የሚል መስመር ነበረ። እኔ ይህን አነጋገር ያገኘሁት ከመዝገበ ቃላት ነው፤ እናንተ ግን ከሌላ ቦታ ታውቁት ኖሯል። ጋሽ ስምዖን መነጽራቸውን አውልቀው «ይቺን ማን ጻፈልሽ?» አሉኝ። እትዬ ብርቅነሽ «ስሪላንካ ይላል እኮ ጋሼ» ቢሉም፣ «እሱማ ሽፋኑ ነው፤ ከኋላ ያሉት የየትኛው ብሔር ሰዎች ናቸው?» ተባለ። አንዱ ሽማግሌ ሌላውን አየ፤ ሌላው ጣራውን አየ። ቤተ ክርስቲያናችን በአገር ቤት ጉዳይ ሁለት ጊዜ ልትከፈል ደርሳ እንደነበር እናቴ ስለነገረችኝ ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ቢሆንም፣ ከህንድ ውቅያኖስ የመጣች የአንዲት እናት ልመና የእኛን ጠብ ለመቀስቀስ የተዘጋጀ መሆኑን እናትየዋን እንኳ ሳትጠይቁ መረዳታችሁ ትልቅ ጸጋ ነው። ወይዘሮ ሰልቪ ስለ ብሔሮቻችን አንዳች አያውቁም፤ በእናንተ ትጋት ምክንያት ግን ሁሉንም ወክለው ተከሰዋል።

፪. ቀጥሎ ስለ ነፍሳችን ስለምታስቡ አመሰግናለሁ። በዕለቱ የሚታደለው ምግብ ለጣዖት የተሠዋ ሊሆን ስለሚችል በአዳራሻችን መግባት እንደሌለበት ተናግራችኋል። ምግቡ ሩዝ በውኃና በጨው የተቀቀለበት አጥሚት ነው። በየዓመቱ የሚጠጡት በዚያ በተከበቡበት ቦታ ሌላ የሚቀመስ ስላልነበረ፣ ልጆችም ዕቃ ይዘው እሱን ለመቀበል ይሰለፉ ስለነበረ ነው። ሰልፉ ላይ ቦምብ ወድቆ ያልተመለሱ አሉ። የተሠዋ ነገር ካለ ሩዙ አይደለም።

፫. ቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ አትገባም ብላችሁ ስላስተማራችሁኝም አመሰግናለሁ፤ ይህን ግን ለመረዳት እስካሁን እየታገልሁ ነው።

ጋሽ ኃይሉ፣ የወንድምዎ ልጅ ኤልያብ በአገር ቤት በጦርነቱ ጊዜ ተወስዶ ሲጠፋ፣ እናንተው አስተባብራችሁን ዳላስ መሐል ከተማ ሰልፍ ወጥተን ነበር። በእንግሊዝኛ «የት ናቸው?» የሚል የተጻፈባቸው ትልልቅ ካርቶኖች አዘጋጅታችሁ፣ ካርቶኑ ከሰዉ በዝቶ የሚይዘው ጠፋ። ወይዘሮ ሰልቪ ከሥራ ወጥተው፣ የሚያንጸባርቀውን የኤርፖርት ሰደርያ እንኳ ሳያወልቁ መጥተው አንዱን ያዙ። ማይክሮፎኑ በእጅዎ እያለ መናገር አቅቶዎት ሲያለቅሱ፣ የሚሉት አንድ የአማርኛ ቃል ስለሌላቸው አጠገብዎ ሄደው ካርቶኑን ከፍ አድርገው ቆሙ። እርስዎም ሲመለሱ እናቴን «ንገሪያት፣ ከእንግዲህ እኅታችን ናት በያት» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ሰልቪ እናቴን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ በደረጃው ላይ ሲያገኟት «እኅታችን» ይሏታል፤ ስም መስሏቸው ይሁን ወይም ወደውት አላውቅም።

ውሳኔያችሁን እንድነግራቸው እኔን መላካችሁ ለእኔ ያላችሁን እምነት ስለሚያሳይ በዚህም አመሰግናለሁ። ዓርብ ወደ ላይ ወጥቼ ነገርኋቸው። የካጃን ፎቶግራፍ ትልቅ ሆኖ ታትሞ ሶፋው ላይ ነበረ። ወይዘሮ ሰልቪ «ኦኬ» አሉ። ቀጥለው «የሽማግሌው የወንድም ልጅ ተገኘ?» ብለው ጠየቁኝ። አልተገኘም አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ፎቶግራፉን አንሥተው እንድቀመጥ ቦታ ለቀቁልኝ።

፬. በመጨረሻ ስለ ንጹሕ አየር አመሰግናለሁ። አዳራሹ ስለ ተከለከለ መታሰቢያው በአፓርታማችን ግቢ፣ በመዋኛው አጠገብ ባሉት የእንጨት ጠረጴዛዎች ላይ ሆነ። ፎቶግራፎቹን በመዋኛው አጥር ላይ በፕላስተር ለጠፍናቸው፤ ነፋሱ ጥቂቶቹን ስለ ነቀላቸው እናቴና እኔ በእጃችን ይዘን ቆምን። ታላላቆቹ ሲናገሩ አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር ወይዘሮ ሰልቪ አንገታቸውን ሰብረው እስኪያልፍ ይጠብቁ ነበር። በሥራቸው የእነዚያኑ አውሮፕላኖች ወንበር ሲጠርጉ እንደሚውሉ አውቃለሁ፤ ሰማይ ላይ ሲሆኑ ግን ሌላ ነገር ናቸው። የአዳራሻችን ጣራ ወፍራም እንደሆነ፣ ከውስጥ አውሮፕላን እንደማይሰማ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ያለ ጣራ ስላስቀራችሁን ይህን ማየት ችያለሁ።

እንግዲህ ጋሽ ኃይሉ፣ ለሚመጣው ዓመት አዳራሹን አልለምንም፤ እንደገና ስብሰባ ፊት መቆም ስለማልችል ነው። የምለምነው ወይዘሮ ሰልቪ በደረጃው ላይ ደግመው ስለ ኤልያብ ቢጠይቁኝ የምመልሰውን እንዲነግሩኝ ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ ቦርዱ ባይሰበሰብበትም እርስዎ ብቻዎን ሊመልሱት የሚችሉ ይመስለኛል።

ውሳኔያችሁን በማክበር፣ አዳራሻችንም በዚያ ከሰዓት ወንበሮቹ ተደርድረው፣ ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ ማንም ሳይገባበት በሰላም በመዋሉ ደስታዬን በመግለጽ፣

ከኋላው መስመር የምቆመው ታዛዥ ልጃችሁ፣
ሐሴት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመዘምራን ልብስ ከሚቀመጥበት ዕቃ ቤት «የት ናቸው?» ከሚሉት ካርቶኖች አንዱን ሳላስፈቅድ ወስጄ ነበር፤ የካጃንን ፎቶግራፍ የለጠፍነው በእሱ ላይ ነው። ቦርዱ እንዳይቆጣ አስቀድሜ ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ የአገር ስም አልተጻፈበትም። ፎቶግራፉን ቀስ ብዬ አንሥቼ ካርቶኑን ወደ ቦታው መልሻለሁ፤ ለእናንተም ገና ያስፈልጋችኋል።