እናቴን ምዕራፍ አራት ውስጥ ላቆዩልኝ አማካሪ

ለተከበሩ ዶክተር፣ የእናቴ የዶክትሬት ጥናት አማካሪ፤

ጤናዎ፣ የዓይንዎ ብርሃን፣ በተለይም የቀኝ እጅዎ ጣቶች እንዴት ሰነበቱልን? እኛ ሆሳዕና ያለነው ደህና ነን። ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ በደል በትሕትና እናዘዛለሁ፦ እናቴ ሲስተር ገነቴ ልብስ ልታሰጣ በወጣች ቁጥር ላፕቶፗን እየከፈትኩ፣ በጽሑፏ ጠርዝ ላይ ያሰፈሩትን አስተያየት አንድ ሳላስቀር አንብቤአለሁ። ይህንም የምጽፈው በእሱው ነው።

እርስዎ ቢያውቁትም ለአንባቢ ያህል፣ እናቴ የምታጠናው ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ ከደረሰ በኋላ እስኪታይ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ነው። ጃጁራና ቦኖሻ ጤና ጣቢያዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ወር ተቀምጣ ሰዓት ይዛለች። ውጤቱን የያዘውን ምዕራፍ አራትን ከላከችልዎ ስምንት ወር አለፈ። በጥናቷ ውስጥ ይህን ያህል የጠበቀ ሕመምተኛ ስላልተገኘ፣ እንኳን ደስ ያለዎት።

አንደኛ፣ ኅዳር ላይ «ይህ አንቀጽ ረዝሟል፣ ይውጣ» አሉ፤ ወጣ። የካቲት ላይ «ይህ ጉዳይ ለምን አልተነሣም?» አሉ፤ ተመለሰ። ሚያዝያ ላይ «ረዝሟል» አሉ። አንቀጹ ከጃጁራ ሚኒባስ በላይ ተመላልሷል።

ሁለተኛ፣ ገጽ ሰባ አንድ ላይ «ከላይ የሰጠሁትን አስተያየት ተመልከቺ» ብለዋል። ከላይ ምንም የለም። እናቴ ሁለት ቀን ፈልጋ ስታጣው ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብላ «እስቲ አንቺ እዪልኝ» አለችኝ። ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን አንድ ሙሉ ከሰዓት የሌለ ነገር ስንፈልግ ዋልን። ዘንድሮ አብረን የቆየነው ረጅሙ ጊዜ ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሌላም ያልሰጡት አስተያየት ካለ ይላኩልን።

ሦስተኛ፣ አባቴ አዲሎ ከተማ ስለሚያስተምር የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። በሌላው ቀን እራቴን የምበላው ከእናቴ ክፍል በር ጋር ነው። በሩ ጨዋ ነው፤ ስናገር አያቋርጠኝም።

አራተኛውን እንኳ ያለ ቀልድ ልበለው። ሰኔ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እወስዳለሁ። ከዚያ የሚቀረኝ ክረምቱ ብቻ ነው፤ ጥቅምት ላይ ወደምመደብበት ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። እርስዎ ምዕራፉን በሰኔ ካላጸደቁት እናቴ ክረምቱንም ከእርስዎ ጋር ታሳልፋለች። ጨርሳ ስትወጣ እኔ የለሁም።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ የምዕራፉ ግን እንዲያጥር እየተመኘሁ፣ ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣
የሲስተር ገነቴ ልጅ፣ ትርፊት ጠና

ማሳሰቢያ፦ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዕንባቆም እሑድ እሑድ ለሕሙማን ሲጸልዩ የእርስዎንም ስም ይጠራሉ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ፊርማ ያቃተው ሰው የአልጋ ቁራኛ መስሏቸው ነው፤ እኔም አላረምኳቸውም። ቤትዎን ስለማያውቁ፣ በሚመጣው ሳምንት ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ቢሮዎ ድረስ ሊጠይቁዎት ስለሚመጡ፣ እንዳያፍሩ እባክዎ ትንሽ ያስሉላቸው። በተረፈ…

እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ትርፊት» አለችኝ። በጣም ተቆጥታለች። ቁጣው ረዘም ያለ ስለሚመስል፣ እንዳያመልጠኝ እዚህ ላይ ላቁም።