በወሩ መጀመሪያ ቀን ሳይገዙ የሄዱት እንግዶችሽ

ለእህቴ ልጅ ለሊየን፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽስ እንዴት ነው? የቼኮቹ አገር የፕልዘን ብርድ ገባ ወይስ ገና ደጅ ቆሞ ያንኳኳል? ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ስለምትውዪ እግርሽ እንዳያብጥ ማታ ማታ ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ንከሪው። እኔ ደህና ነኝ። ሚስቴ ሉዋም ደህና ናት፤ ጠዋት ስትቆጣኝ ድምጿ ሦስት ቤት ያልፋል፣ ሳንባዋ ጤነኛ ነው ማለት ነው። እናትሽም ደህና ናት። ደህና ናት የምልሽ ስለ ጤናዋ ነው፤ ስለ ቁጣዋ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ሰላምታዬን ጨርሻለሁ፤ አሁን ልቆጣሽ ነውና ወንበር ካለ ተቀመጪ።

አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሽ ነው እንደዚህ ያለ ጣጣ የላክሽብኝ? «ጋሼ፣ የእጮኛዬ የማቴይ እህት ብላንካና ባሏ ራዲም ቦርሳቸውን አዝለው አገር እየዞሩ ነው፤ ሃኖይ አንድ ቀን ይውላሉ። ከተማውን አሳያቸው፣ ዕቃ አጋዛቸው፣ ማታ እናቴ ቤት ራት ጋብዛቸው። የማን ዘመድ እንደሆኑ ግን መጀመሪያ አትንገራት። ትውደዳቸው፣ ከዚያ ትነግራታለህ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እናትሽ «የልጁን ዘመድ በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልድርም» ካለች ሁለተኛ ዓመቷ ስለሆነ እኔም ብልሃትሽ ጥሩ መሰለኝና እሺ አልኩ። ሞኝ ያሳደገው ሞኝ ነኝ።

ቀጠሯችን ረፋዱ ላይ ሆቴላቸው በር ላይ ነበር። ስደርስ ራዲምን ከሩቅ ለየሁት። ቁመቱ የመብራት ምሰሶ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው ቦርሳ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ያስጠልላል። ብላንካ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ልጅ ናት። ድሮ ቱሪስት በባለ ሦስት እግር ብስክሌት ስገፋ የለቀምኳትን እንግሊዝኛ አቧራዋን አራግፌ፣ «አጎት በሉኝ፣ ሁሉም እንዲያ ነው የሚለኝ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ተነስተን ልንሄድ ስንል ብላንካ፣ «አጎት፣ እኛ ማልደን ነቅተን ገበያ ደርሰን መጣን። ልክ ሲከፈት ገባን! አንዲት እናት እንዴት አድርጋ ባርካ እንደሸኘችን ተመልከት» ብላ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

አየሁ። እናትሽ ናት።

የሚነድ ጋዜጣ በእጇ ይዛ በመደብሯ ፊት ወዲህና ወዲያ ታወናጭፋለች፤ እንደ ዝንብ የምታባርረውም እነሱን ነው። «ሂዱ! ውጡ! ገደ ቢሶች! ወሩን በላችሁብኝ!» ትላለች። ከኋላዋ ሻርፖቹ ከማንጠልጠያቸው ወርደው እንደ ታረደ ዶሮ ተዘርረዋል። ብላንካ «ምን እያለችን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «መልካም ጉዞ ነው የምትለው» አልኳት። አልዋሸሁም፤ ሂዱ ነው ያለችው።

አሁን አንቺን ልጠይቅሽ። እዚያ መደብር ሥር እየዳኽሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። የጨረቃ ወር በባተበት ቀን የመጀመሪያው ገበያተኛ ሳይገዛ ከሄደ እናትሽ ወሩን ሙሉ ገድ የለኝም ብላ እንደምትከርም፣ ሰውየው የተወውንም መጥፎ ገድ በጋዜጣ እሳት እንደምታባርር ከማን ልትሰሚ ነው? በዚያ ቀን ቀድሜ እንዳልረግጥባት እኔን ወንድሟን እንኳ «አንተ ነዝናዛ፣ እስከ እኩለ ቀን ድርሽ እንዳትል» ትለኛለች። ጎረቤቷን ኛንን ግን ለምናም ቢሆን ታስመጣለች፤ ኛን ገደኛ ናት፣ አንድ መሐረብ ሳትከራከር ገዝታ መንገዱን ትከፍትላታለች። በዚህ ወር ግን ኛን ጥርሷ አበጠና አረፈደች። ኛን በሌለችበት እንግዶችሽ ገቡ። ሻርፑን ሁሉ አስወረዱ፣ አገላበጡ፣ በመስኮት ብርሃን አዩት፣ ከዚያ የዋጋውን ሢሶ እንክፈል ብለው እየሳቁ ጥለዋት ሄዱ። ይህን ሁሉ በኋላ ኛን ራሷ ከእናትሽ ሰምታ፣ ጉንጯን በሻሽ ጠቅልላ ነገረችኝ። «የወሩ መጀመሪያ ነውና ጠዋት ገበያ እንዳትገቡ» ብለሽ አንድ መስመር ብትጽፊላቸው ጣትሽ ይቆረጥ ነበር?

ከዚያ በኋላ የዋልኩትን ውሎ ለጠላትም አልመኝለት። ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር፤ እስከ ማታ ድረስ እናትሽ እንዳታያቸው ከገበያው ማራቅ። እነሱ ደግሞ ሐሳባቸው ሁሉ እዚያው ገበያ ነው! ብላንካ «ያቺን እናት ተመልሼ ማመስገን አለብኝ፣ ሰማያዊውንም ሻርፕ እፈልገዋለሁ» ትላለች። «ገበያው በቀትር ይዘጋል» አልኳት። ጥቂት ቆይተን በአንድ ጠባብ መንገድ ስንወጣ ገበያው አፉን ከፍቶ ፊታችን ተገተረ። አሮጌው ሰፈር እንዲህ ነው፤ ብትሸሺውም ዞሮ ይመልስሻል። ራዲም «አጎት፣ ክፍት ነው እኮ» አለኝ። «እያጸዱት ነው» ብዬ እጁን ይዤ ጎተትኩት። እሱን መጎተት የቆመ በሬ መግፋት ነው።

ወደ ሐይቁ ወሰድኳቸው። በቀዩ ድልድይ ላይ እያንዳንዱን ምሰሶ ፎቶ አነሱ። ከዚያ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ፣ ከዚያ የሻይ ስኒ፣ ከዚያ ደግሞ ማንም የማይፈልገው የእንጨት እንቁራሪት፤ ጀርባዋን በዱላ ሲፍቋት ትንቋረራለች። ራዲም እንቁራሪቷን ገዝቶ መንገዱን ሁሉ ሲያስጮኻት ውሾች ተከተሉን። ምሳ ላይ በከሰል የተጠበሰውን ሥጋ ከነ ሩዝ ፓስታው ሦስት ሳህን ገረፈ፤ ሆዱን ወድጄለታለሁ። ብላንካ ግን እየበላች እንኳ ያንን ቪዲዮ ደጋግማ ታያለች። «ፊቷ እንዴት ደግ ነው!» ትላለች። እኔ ሾርባው ትን አለኝ።

ከምሳ በኋላ አንድ ተንኮል መጣልኝ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሲመጣልኝ አልመልሰውም። ሴቶቻችን ሞተር ብስክሌት ሲነዱ ከፀሐይ የሚሸሸጉበትን ረጅም ካፖርት፣ የፊት መሸፈኛውን፣ የዘንባባ ባርኔጣውን ጭምር አስገዛኋቸው። «ለራት የሚመጣ እንግዳ እንዲህ ለብሶ ሲመጣ ክብር ነው» አልኳቸው። ባለ ሱቋ ሰምታኝ «አንተ ሽማግሌ፣ ልጆቹን ምን እያደረግሃቸው ነው?» ብላ ሳቀች። ባርኔጣው ራዲም ራስ ላይ የሙዳይ ክዳን መሰለ፤ አበባ ያለበት ካፖርቱ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ግን ፊታቸው ከዓይናቸው በቀር አይታይም። በሥራዬ ኮራሁ። እናትሽ ራቱን ሳታበላ አትመረምራቸውም፣ ከበሉ በኋላ ደግሞ እንግዳ አታባርርም ብዬ ነበር።

ሲመሽ ወደ እናትሽ ቤት ደረስን። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ክር ሳትሸጥ ስለዋለች ፊቷ ጠቁሯል፤ ቢሆንም ለእንግዶቼ ዓሣ ጠብሳ፣ ቅጠሉን አጥባ ምንጣፍ ላይ አቅርባለች። እነዚያን የተሸፋፈኑ ፍጥረቶች ስታይ «ቶአን፣ የታመሙ ሰዎች ነው ያመጣህብኝ?» አለችኝ። «ፀሐይ መቷቸው ነው፣ እትዬ» አልኳት። ግቡ አለች። እነሱም እንደ ደንቡ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ።

ፊታቸውን ሸፍኜ እግራቸውን ረሳሁ፣ ሊየን! የራዲም ነጠላ ጫማ ጀልባ ያህላል፤ እናትሽ ደግሞ ጠዋት አጎንብሳ የወደቀውን ሻርፕ ስትለቅም ፊት ለፊቷ ቆሞ የነበረው እሱ ነው። ጫማውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አንተ ከርፋፋ፣ እነዚህን እግሮች ጠዋት ከደጄ አባርሬያቸዋለሁ። በየት ዞረው ቤቴ ገቡ?» አለች።

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የማቴይ እህት መሆኗን፣ ደብዳቤሽን፣ ካፖርቱን። እናትሽ ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ፣ ተቀመጠችና፣ «ጠዋት የሆነውን አየህ አይደል?» አለችኝ ቀስ ብላ። «አወረዱ፣ አገላበጡ፣ አራከሱ፣ ጥለው ሄዱ። ልጄንም እንዲሁ ነው የሚያደርጓት። በወሩ መጀመሪያ ቀን መጥተው አሳዩኝ፤ ከዚህ ሌላ ምን ይነገረኝ?»

ብላንካ መሸፈኛዋን አውልቃ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀኑን ሙሉ የዋሸ ምላሴ እዚያ ላይ አልታዘዝ አለኝ። እንዳለችው አድርጌ ነገርኳት፣ የጋዜጣውንም እሳት ምንነት ጨምሬ። ልጅቷ ፊቷ ከተላጠው አፍንጫዋ ይበልጥ ቀላ። «የጉዞ መጽሐፉ ሢሶውን እንከፍላለን በሉና ሂዱ፣ መልሰው ይጠሯችኋል ስላለን ነው» አለች። «ጥጉ ላይ ቆመን እንድትጠራን ጠበቅናት። ብዙ ጠበቅን። ሻርፑ ለሊየን ነበር፤ ሰማያዊ እንደምትወድ ስለምናውቅ።» ይህን ለእናትሽ ስመልስላት «እኔ ሳልሸጥለት የሄደን ሰው መልሼ የምጠራው ገድ በየት በኩል እንዲገባ ነው?» አለች፤ ቁጣዋ ግን ትንሽ ረገብ ብሎ ነበር። ራዲም ምስኪኑ በዚያ በአበባ ካፖርት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

ከዚያ እናትሽ ያላሰብኩትን ጠየቀች። «ልጄ ስትታመም ማነው እዚያ የሩዝ ገንፎ የሚያበስልላት? ይህን ጠይቅልኝ፤ ከራስህ አንዲት ቃል ብትጨምር ወዮልህ» አለችኝ።

ብላንካ አላመነታችም። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ጥሎሽ በተኛሽ ጊዜ ማቴይ ከሥራ ቀርቶ ገንፎ እንዳበሰለ፣ እንዳሳረረው፣ ደግሞ አብስሎ እንዳሳረረው፣ ድስቱን በረዶ ላይ አውጥቶ እንደወረወረው፣ መጨረሻ ላይ የተሳካለትን በማንኪያ ሲያጎርስሽ እንዳየችው ነገረችን። እናትሽ ስለ ድስቱ አልሳቀችም። ታመሽ መተኛትሽን ያን ጊዜ መስማቷ ነው! በስልክ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብለሻት ነበር። ዓሣውን ፈልፍላ፣ ከሆዱ በኩል የሰባውን ብላንካ ሳህን ላይ አደረገችላት፣ ለራዲምም እንዲሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «በእነዚህ አልተናደድኩም፤ እነሱ አያውቁም። ልጄ ግን ሕመሟንም አማቾቿንም በጓሮ በር የምታሾልክብኝ ምን ጭራቅ ሆኜባት ነው? ይህን ጻፍላት» አለች። ይኸው ጻፍኩ። መልሱን ለእኔ አትላኪ፤ ለእሷ ጻፊ። እኔ ከእንግዲህ በእናንተ መካከል ድልድይ አልሆንም፣ ረግጣችሁ ጨረሳችሁኝ።

መቼም ማወቅ የምትፈልጊው አንድ ነገር ነው። እሺ አላለችም፤ እንቢም አላለችም። «ልጁ ራሱ ይምጣ፣ እናቱንም ይዞ፣ ለጋብቻ ጥያቄ የሚቀርበውን የቢትል ቅጠልና የአሬካ ፍሬ በሰሃን አስይዞ፣ በፊት ለፊት በር» ነው ያለችው። እንግዶቹ ለመሄድ ሲነሱ ግን ጓዳ ገብታ ቆየች። ብላንካን «ገንፎው ውስጥ ምን ጨመረበት?» ብላ አስጠየቀቻት። ጨው ብቻ ሲሏት ራሷን ነቀነቀች፤ በደረቅ ዝንጅብል የሞላች ከረጢት አምጥታ አስታቀፈቻት። «እትዬ፣ ዝንጅብል እኮ ፕልዘንም አለ» ብላት «የእነሱ ውሃ ውሃ ይላል» አለችኝ። ብላንካ ከረጢቷን ተቀብላ «ለሊየን እሰጣታለሁ» ስትል እናትሽ እጇን ያዘቻት። «ለእሷ አይደለም በላት» አለችኝ። «የሚያበስለው እሱ ነው፤ ለእሱ ስጡት።»

ለማቴይ ጤና ይስጥልኝ በዪልኝ፤ ድስት የሚወረውር ሰው እወዳለሁ። አብራሽ ለምትኖረው ለኩየን፣ ለባለ ሱቁ ለአቶ ፉክና ለባለቤቱ፣ እንዲሁም ለማቴይ እናትና አባት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ከዚህ ሉዋ፣ ልጄ ቱንግና ሚስቱ፣ ጥርሷን የነቀለችው ኛንም ሰላም ብለውሻል። እናትሽ ሰላም በላት አላለችኝም፤ ደብዳቤውን ስጽፍ ግን አጠገቤ ተቀምጣ «ካልሲ ታድርግ ብለህ ጻፍ» እያለች ነው።

አጎትሽ ቶአን

ሃኖይ፣ ዘጠነኛው የጨረቃ ወር በባተ በሦስተኛው ቀን