የሻንጣው ባለቤት

ቀውላላው፣

እኔ ደህና ደርሻለሁ፤ ሻንጣው ግን ተዘርግፎ ነው የደረሰው። ኤርፖርት ቆመን ስንጠብቅ፣ ሻንጣ በሚያዞረው ማሽን ላይ መጀመሪያ ብቅ ያለው ካልሲዬ ነበር። ከኋላው ፒጃማዬ፣ ከዚያ እማዬ በግድ የከተተችልኝ ሹራብ ተከታትለው አለፉ። እኛ ጋ ቢሆን ሰው ሁሉ ተሯሩጦ እየለቀመ "አንተ ዝርክርክ!" ይለኝ ነበር። እዚህ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ሆነ። እኔም አብሬያቸው እንዳላየ ሆንኩ።

በመጨረሻ አንዲት የኤርፖርቱ ሠራተኛ ዚፑ የፈነዳውን ሻንጣ አንስታ፣ መያዣው ላይ የተጻፈውን ስም ጮክ ብላ ጠራች። ከቀብሩ ወዲህ የወንድሜን ስም እንደዚያ የጠራው ሰው የለም፤ ቤት ውስጥ እንኳ "እሱ" ነው የምንለው።

"አቤት!" አልኩ።

ፓስፖርቴን አየችና፣ "ይሄ ያንተ ስም አይደለም" አለችኝ።

"የታላቅ ወንድሜ ነው።"

"እሱስ የት አለ?"

"አልመጣም።"

"የሰው ዕቃ እንዲህ ይደረጋል? አሁን ምን ልትለው ነው?"

"አይቆጣም" አልኳት።

ልብሴን አብራኝ ለቀመች፤ ሻንጣውንም በገመድ ጠፍራ አሰረችልኝ። "ይሄን ሰርዘህ ያንተን ስም ጻፍበት" ብላ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። አልሰረዝኩትም፤ ከሥሩ ጻፍኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ቤተሰቦችህን በሙሉ ሰላም በልልኝ፤ ክፍል ውስጥ ወንበሬን ማንም እንዳይወስድብኝ። ስለ ካልሲው ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትል። ስሙ በሰው ፊት እንደተጠራ ግን ንገራት፤ አቤት ያለ ሰው እንደነበረም።