አንድ እጅ ቀለም

ይድረስ የቤታችን ኩራት ለሆንከው ለወንድም ጋሼ፤ ከነነጭ ጋዎንህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

የመኪና ቀለም ቀቢው ወንድምህ ስሙ ገኗል። ትናንት አንድ የተጋጨ መኪና ሳስረክብ ባለቤቱ ሁለቴ ዞሮት የተቀባው በር የቱ እንደሆነ ጠፋው። «እጅህ ይባረክ!» ብሎኝ ሄደ። የእኔን ዓይን ቀለም አያመልጠውም።

አንተ የቆዳ ሐኪም ስለሆንክ የአንድ የሥራ ባልደረባዬን ጉዳይ ልጠይቅህ። ብልቱ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበታል። አያመውም፣ አያሳክከውም። እዚያ አካባቢ ቆዳ ጠቆር ማለቱ ያለ ነው ያልከኝን ነግሬዋለሁ፤ ይሄ ግን ነጭ ነው፣ እየሰፋም ሄዷል። በር ቢሆን በአንድ እጅ ቀለም አስመስዬ እመልሰው ነበር። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው፣ «ማን ፊት ነው ሱሪዬን የማወልቀው?» ይላል። ኩሩ ነው፣ ልክ እንደኛ ቤት ወንዶች። ሚስቱ እንዳታይበትም የመኝታ ቤቱን አምፖል ፈትቶ፣ ተቃጠለ ብሏታል።

መልሱን ለእኔ ጻፍልኝ፤ አደርስለታለሁ። እማዬ ትመርቅሃለች። ባለቤቴም አክብራ ሰላም ትልሃለች፤ የመኝታ ቤታችን አምፖል መቼ እንደሚቀየር ግን ዛሬም ጠይቃኛለች።

አክባሪህ፣ ታናሽ ወንድምህ