በረዶ ላልያዘው በር የፈሰሰ ትኩስ ሻይ

ለክብርት ወይዘሮ ማርጎት ዴልኔ
የሰሜን ሜዳ ጤና ባለሥልጣን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ ደጅዎን እንዳልደፈረ፣ መብራትዎም እንዳልጠፋ፣ ትንፋሽዎም ሳይቆራረጥ እንደሚገባና እንደሚወጣ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የሃልብሩክ ሰዎች ደኅና ነን፤ እስከ ሐሙስ ማለቴ ነው። ሐሙስ ሌላ የበረዶ ማዕበል ይመጣል ተብሏል፤ እኔም ከዚያ በፊት እንዲደርስዎ ቸኩዬ ነው የምጽፈውና ስለ ጽሕፈቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ባለቤቴ ዳርሊን ሳንባዋ ስለደከመ የምትተነፍሰው በኤሌክትሪክ በሚሠራ የኦክስጅን ማሽን መሆኑን ያውቃሉ። በበልግ ወቅት ለደኅንነታችን አስበው የመጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደሮቻችንን ከየቤታችን አስሰብስበው በጤና ጣቢያው ስላስቀመጡልን፣ ለመንገድ የምትሆን አንዲት ትንሽዬም ስለተዉልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። «መብራት ከጠፋ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ» የሚለው ባለቀለም መመሪያዎም ደርሶናል፤ ወረቀቱ እንዴት ያምራል!

ባለፈው ማዕበል መብራቱ ጠፋ። እኔም ታዛዥ ዜጋ ነኝና ዳርሊንን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ፒካፕ መኪናችን ውስጥ አስገባኋት፤ ጎረቤታችን ኤልመር በትራክተሩ በረዶውን እየጠረገ ከፊት መራን። ትንሿ ሲሊንደር መንገድ ላይ ማለቅ ጀመረች።

ሁለተኛ፣ የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ግሩም ሆኖ ይሠራል። በሩ ላይ የለጠፉትን ማስታወቂያ ቦግ አድርጎ አብርቶልን፣ አገልግሎቱ በአየሩ ጠባይ ምክንያት ወደ ከተማው ሆስፒታል መዛወሩን በቀን ብርሃን ሳይቀር ያለ ችግር አነበብን። የከተማው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ወደ መሥሪያ ቤትዎ ስልክ ብንደውልም «ይጠብቁ» ብለው ሙዚቃ አሰሙን።

ሦስተኛው ነገር በሩ ነው። እዚህ አገር በማዕበል ቀን በር አይቆለፍም፤ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ገብቶ እንዲሞቅ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ጤና ጣቢያውም ክፍት ይሆናል። ስለዚህ በሩ እምቢ ሲለን ተቆልፏል ብለን በጭራሽ አላሰብንም። ኤልመር «በረዶ ይዞት ነው፤ ይሄን በር እኔ አውቀዋለሁ፣ ቆይ ብቻ!» ብሎ የዳርሊንን ፔርሙዝ ከፍቶ ትኩስ ሻዩን እጀታው ላይ አፈሰሰ። እኔ ከታች በእግሬ እደበድባለሁ። ዳርሊን ከመኪናው ውስጥ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ «ሻዬን... ለበር... አጠጣችሁት?» አለች። ሳቅን። ስንስቅ የባከነው ትንፋሽ የእሷ ነበር።

ከዚያ ኤልመር አዲሱን የኤሌክትሪክ ቁልፍ አየ። «ኦረስት፣ ይሄ እኮ ተቆልፏል» አለኝ፤ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁ ዝቅ ብሎ። «በማዕበል ቀን? ማነው እንዲህ ያለ ጉድ የሚሠራው?»

በበሩ መስተዋት ውስጥ ሲሊንደሮቻችን ተሰልፈው ይታዩኛል። ዞር ስል የዳርሊን አንገት ዘንበል ብሏል። ክብርት ሆይ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ኤልመር ከትራክተሩ ባወረደው አካፋ መስተዋቱን ሰበረው። አንዱን ሲሊንደር ገጠምንላት፤ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች።

አራተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ፍጥነትዎ ነው። ነርስ ላኩልን ብለን ስንለምን ባጀን፤ «በንብረት ላይ የደረሰው ጥቃት» እንዳይደገም ግን በመስተዋቱ ፈንታ የብረት መዝጊያ ከረቡዕ በፊት እንደሚገጠም ወዲያው አስታወቁን። የኤልመር አካፋ ብረት አይሰብርም። ትንሿ ሲሊንደርም ያው ትንሿ ናት። የመንደራችን መብራት ደግሞ ነፋስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠፋ ነው።

እፈራለሁ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ አጥቼ ነው። ወይ ሲሊንደራችንን ይመልሱልን፣ ወይ ለሐሙስ ብቻ በሩን ሳይቆለፍ ይተዉልን።

የባለቤቱን ትንፋሽ እያዳመጠ መልስዎን በትሕትና የሚጠባበቅ፣ መመሪያዎን በቃሉ ያጠና አክባሪዎ፣

ኦረስት ኮዋልቹክ
ሃልብሩክ

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ በሥራ ጉዳይ በእኛ በኩል ሲያልፉ ማዕበሉ ከያዘዎት፣ ከእህል ጎተራው ቀጥሎ ያለው ቤት የእኛ ነው። እኛ ብንኖርም ባንኖርም አያንኳኩ፤ ይግቡ፣ ይሙቁ። በሩ እምቢ ካለዎት በረዶ ይዞት ነው እንጂ ተቆልፎ አይደለም፤ ገፋ ያድርጉት።