ሦስት ገጽ ሲቀረኝ

ጥቅምት 4

ልብስ አጠብኩ። የኩሽናውን መስኮት ወለወልኩ። ከሰዓት ውሻዬ አለኝታ በበሩ ሾልኮ ወጣ... ጠራሁት። ዞር ብሎ አየኝና መንገዱን ተሻገረ። የጭነት መኪና ለጥቂት ሳተው። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ሲሞት ትቶልኝ የሄደው ነፍስ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው።

ጥቅምት 5

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መጣ። ጎረቤት ነግሮታል። ጥቁር የአንገት ቀበቶ ከነሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሲጫኑት ውሻውን ይነዝረዋል።

«እትዬ፣ አንዴ ከቀመሳት ሳይጠሩት ይመጣል።»

«አያመውም?»

«ከመኪና ጎማ ይሻላል።» ሳቀ ደግሞ። «ስሙ አለኝታ፣ ሥራው ሽሽት!»

እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሠኝ አልኩት።

«እሺ። ከዚያ በኋላ ግን ራሴ ነኝ የማስርለት።»

ጥቅምት 7

ስለ ውሻ የተጻፈ መጽሐፍ ተዋስኩ። ፊደል ብቻዬን ስለቆጠርኩ አሁንም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። «ለሚጠላው ነገር አትጥራው» ይላል። እኔ ለምን ነበር የምጠራው? ለሰንሰለት። ገላውን ለማጠብ። ለቁጣ... እኔስ ብሆን እመጣ ነበር?

ጥቅምት 12

የተቀቀለ ጉበት በሽርጤ ኪስ። መጥራት፣ ማጉረስ፣ ማሞገስ፣ ከዚያ መልቀቅ። ዋናው መልቀቁ ነው ይላል መጽሐፉ። አሥር ጊዜ ጠራሁት፤ ዘጠኙን መጣ። በአሥረኛው ድመት አለፈች።

ጥቅምት 16

ዛሬ ግቢ ውስጥ አንዴም አልመጣም። ተስፋ ቆረጥኩ። ቀበቶውን ከመሳቢያ አወጣሁና... መጀመሪያ በራሴ ክንድ ሞከርኩት። ጮህኩ። አለኝታ ከግቢው ጥግ እየበረረ መጥቶ ክንዴን ላሰኝ።

ባለቤቴ የሞተ ቀንም እንዲሁ ነበር። ከመኝታ ቤት ሲጠራኝ ከማነበው መጽሐፍ ሦስት ገጽ ቀርቶኝ ነበር። «መጣሁ» አልኩ። ደግሞ ጠራኝ። «መጣሁ እኮ!» ጨርሼ ስገባ እጁ ከአልጋው ወርዶ አለኝታ ራስ ላይ አርፏል። ቀዝቅዟል።

ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ውሻው ሲጠራ ሰምቶ ደርሷል። ያልመጣሁት እኔ ነኝ። ታዲያ ቀበቶው የሚገባው ለማን ነው?

ጥቅምት 17

ጉበት ገዛሁ። እንደገና ከመጀመሪያው፣ ከሳሎን ጀመርን።

ጥቅምት 28

የባለቤቴ ወንድም በሩን ሲከፍት አለኝታ በእግሮቹ መካከል ሾለከ። አስፋልቱ ጫፍ ደረሰ። መኪና ይሰማኛል። አልሮጥኩም። መጽሐፉ እንዳለው ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጢጥ አልኩና ለጨዋታ እንደሚጠራ ጠራሁት። አንዴ ብቻ። ከዚያ ኮቴ። ከዚያ አንገቴ ላይ እርጥብ አፍንጫ።

«እትዬ... ምን አስነክተውት ነው?»

«ጉበት።»

ቀበቶውን በጋዜጣ ጠቅልዬ መለስኩለት።

«ሳይሞክሩት?»

«ሞክሬዋለሁ። ራሴ ላይ።»



ኅዳር 2

ሳነብ ዋልኩ። ታሪኩ ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ አለኝታ ከጓሮ ማላዘን ጀመረ። ስንት ገጽ እንደቀረኝ አላየሁም። መጽሐፉን ደፍቼው ተነሣሁ። «መጣሁ» አላልኩም። ሄድኩ።

በሩ ተዘግቶበት ኖሯል። ሌላ ምንም አልነበረም።