ከጎጃም የመጣ ጭድ

መስከረም 28፣ ገንዳ ውሃ

ተመስገን፣ የቤተ ክርስቲያናችን የምዕራብ ግድግዳ ዛሬ ተመረገ።

ክረምቱ ጭቃውን አርግፎት እንጨቱ አግጥጦ ነበር። አምና የለጠፍንበት ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር አልስማማ ብሎ፣ ሲወድቅ የድሮውን ምርጊት ይዞት ወረደ። ይሄን የመሰለ ክብ ቤት አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩት ነው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

ጠዋት ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ አንድ ጎጃሜ ጆንያ ሙሉ የጤፍ ጭድ ተሸክሞ ቅጥሩ ገባ። አምና ወባ ጥሎት እዚሁ ግድግዳ ሥር ተኝቶ ነው የዳነው።

"ብድን ጭድ አመጣለሁ ብዬ ተስዬ ነበር፣ ጋሼ" አለኝ።

ግራ ገባኝ። የደብሩ አስተዳዳሪ አባታችን ግን ሳቁ።

"ድሮም ደገኞቹ ለዚህ ግድግዳ ጭድ ይዘው ነበር የሚወርዱ። እዚህ ጤፍ የት አለና? የማሽላ አገዳ እንደሁ ጭቃ አይዝ። ስለቱ ሲቀር ነው እኛም ሲሚንቶ ያማረን።"

እሳቸው ቀሚሳቸውን፣ እኛ ሱሪያችንን ሰብስበን ጭቃውን ከጭዱ ጋር ረገጥነው። የረገፈውን ሁሉ መርገን ስንጨርስ ሰውየው እጁን ታጥቦ፣ ግድግዳውን ተሳልሞ፣ ወደ ኮኪት በሚሄድ ትራክተር ተሳፈረ። ወገቤ አልታጠፍ ብሏል፤ ደስ ብሎኛል ግን።

ይህን ቤተ ክርስቲያን ማን እንደሠራው ያልጠየቅሁት ሽማግሌ የለም። እንዴት ስሙን የሚያስታውስ አንድ ሰው ይጠፋል እያልኩ ስናደድ ነው የኖርኩት። ዛሬ ከሠሪዎቹ አንዱን በዓይኔ አየሁ፤ አብሬው ጭቃ ስረግጥ ዋልኩ።

ስሙን አልጠየቅሁትም።